ናፍጣ ወይስ ቤንዚን፦ ያገለገለ ሚኒባስ ፍለጋ የከረምኩባቸው ሁለት ወራት

መካኒካችን ቁልፍ አልጠየቀም። የፊት ወንበሩን ገለበጠው፣ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ «ሞቋል» አለኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር። የጥር ብርድ ነው፤ ስናወራ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል። ሻጩ ማታ በስልክ «መኪናው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሞ ነው ያለው፣ በጠዋት ኑና እዩት» ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀን የቆመ ሞተር በጥር ጠዋት እንደ ድንጋይ ነው የሚቀዘቅዘው። ይሄኛውን ግን ሰው ከእኛ ቀድሞ አስነስቶታል፣ አሙቆታል፣ መልሶ አጥፍቶታል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው ጋሼ? ሞቀም ቀዘቀዘም ያው ሞተር ነው» አልኩት።

«ናፍጣ የሚጠየቀው በብርድ ነው ልጄ። ከሞቀማ ሁሉም ጤነኛ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን አደባልቆ በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል። ናፍጣ ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ አፍኖ ይጨምቀዋል። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የፒስተኑ ቀለበት ካለቀ ጭምቀቱ ይላላል፣ አየሩም የሚበቃውን ያህል አይግልም። ይሄ ድካም ፊት ለፊት የሚወጣው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ቶሎ አይነሳም። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ነጭ ጭስ ይተፋል። አንድ አስር ደቂቃ ካሞቁት በኋላ ግን ይሄ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

የዚያን ቀን አልገዛንም። ሻጩን «ነገ በጠዋት እንመለሳለን፣ እስክንመጣ ግን አታስነሳው» አልነው። በማግስቱ ስልኩን አላነሳም።

የምፈልገው ለተማሪዎች ሰርቪስ የሚሆን ሚኒባስ ነበር። ሰፈራችን አያት አካባቢ ነው። የሰፈር ወላጆች ተነጋግረን ልጆቻችንን በአንድ መኪና ልናመላልስ ወሰንን፤ መኪናውን ገዝቼ የምነዳው ደግሞ እኔ ሆንኩ። ያለኝን አጠራቅሜ፣ ዕቁቤን ቀድሜ ወስጄ፣ ከወንድሜ ተበድሬ ነው የተነሳሁት። አንዴ ከተሳሳትኩ የምመልስበት አቅም የለኝም። ለዚህ ነው ናፍጣ ወይስ ቤንዚን የሚለው ጥያቄ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ።

መጀመሪያ ላይማ ጥያቄም አልነበረም። እኛ ቤት መኪና ማለት ናፍጣ ነው።

አባቴ ከአዲስ አበባ ደሴ የነዳ ሰው ነው። መኪናው ፋይቭ ኤል የሚባል ሞተር ያለው የቶዮታ ሚኒባስ ነበር፤ ዶልፊን የምንለው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ከጎኑ አስቀምጦ ይዞኝ ይሄድ ነበር። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ በጣርማበር ዋሻ ወጥተን፣ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈን ነበር። ሲመለስ ነው ጉዱ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ ዕቃ ጣሪያው ላይ ጭኖ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደብረ ሲና ቆሎ እንገዛለን፣ አባቴ የራዲያተሩን ውሃ ያያል፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ነው። ሞተሩ ያለማቋረጥ ያገሳል። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ይግተለተላል። እኔ ጭሱን የጥንካሬ ምልክት አድርጌ ነበር የማየው።

ምክንያቱን ያወቅሁት አሁን ነው። ፋይቭ ኤል አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም። ናፍጣውን የሚልከው ፖምፓም መካኒካል ነው፤ የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ከፍታ ላይ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ፖምፓው የለመደውን ያህል ናፍጣ መላኩን ይቀጥላል። የሚያቃጥለው አየር ሲያንስ የተረፈው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ያ ጥቁር ጭስ አየር ያጠረው ሞተር ነበር ማለት ነው።

ግን ያ ሞተር አይሞትም። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። 2,986 ሲሲ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። አንዴ ከተነሳ ብዙም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ናፍጣው ትንሽ ቢቆሽሽ ያጉረመርማል እንጂ አይቆምም። መንገድ ላይ ሲበላሽ አባቴ ሁለት ሦስት ቁልፍና ጨርቅ ይዞ ሥሩ ገብቶ ጠግኖት ይወጣል። «ቤንዚን የቢሮ ሰው ነው፣ ናፍጣ ገበሬ ነው» ይል ነበር። ሚኒባስ ልገዛ ነው ብዬ ስነግረውም «ናፍጣ ካልሆነ እንዳትገዢ» ብሎ ነው የመለሰልኝ። ለእሱ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ለእኔ ያላለቀው አባዱላ ማየት ስጀምር ነው።

ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የሚያገኙት ናፍጣ ሚኒባስ ፋይቭ ኤል አይደለም። ሰፊው፣ ጣሪያው ከፍ ያለው ቶዮታ ሃይስ፣ አባዱላ የምንለው ነው። ናፍጣው ብዙ ጊዜ 2.5 ዲፎርዲ ይባላል። 2,494 ሲሲ፣ ባለ ቱርቦ፣ ኮመን ሬል፤ ማለትም ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይዞ የሚረጭ። ስሙ ናፍጣ ነው፤ ማደያ ሄደን የምንቀዳለትም ያንኑ ናፍጣ ነው። ውስጡ ግን ሌላ መኪና ነው። የአባቴ ፋይቭ ኤል ናፍጣ የሚረጨው በመቶ ምናምን ባር ግፊት ነው። ኮመን ሬል ከ1,000 ባር በላይ ነው። ለማነጻጸር፣ የሚኒባስ ጎማ ውስጥ ያለው አየር 4 ባር ቢሆን ነው። ይሄን ሁሉ ግፊት የሚችለው ኢንጀክተር፣ ናፍጣውን የሚረጨው ክፍል፣ ቀዳዳው እጅግ የቀጠነ ነው። ሲረጭ የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ውሃ ገብቶበት ወይም ላምባ የተቀላቀለ ናፍጣ ተቀድቶለት ከቆየ ይበላሻል። ናፍጣ ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሰውም እሱ ራሱ ነው። ላምባ ያንን ቅባት የለውም።

ልቤን የያዘው ይሄ ነው። ናፍጣ አይበገሬ ነው የሚለውን ስም ያተረፈው ያ ያረጀው፣ ያ ቀርፋፋው፣ ያ ጭሳሙ ሞተር ነው። አዲሱ ስሙን ወረሰ። ጠባዩን አልወረሰም። ገበያው ግን አሁንም ዋጋ የሚያወጣው በድሮው ስም ነው።

አዲሱን እያማሁ አይደለም። ጥሩ ሞተር ነው፤ ጉልበቱም፣ ነዳጅ ቁጠባውም ከድሮው ይበልጣል። በደንብ ተይዞ፣ ዘይቱና ፊልትሮው በሰዓቱ ተቀይሮ ከመጣ ደስ ይላል። ጥያቄው በማን እጅ እንደቆየ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን አክብዶታል። ስለዚህ እዚሁ ያሉት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። ሊብሬው ላይ የመጨረሻውን ባለቤት ስም ታያለህ፤ ከእሱ በፊት ማን ከየትኛው ጀሪካን እንደቀዳለት ግን አይነግርህም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ደግሞ ባናምነው ይሻላል።

ሁለተኛ ያየነው ናፍጣ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነኝ። ደላላው «የአውሮፓ ስታንዳርድ ነው እህቴ፣ አንድ ሰው ነው የነዳው» አለ። ቀለሙ ያበራል። ወንበሩ አዲስ ነው። በዚህኛው ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ አስነሳነው፣ ቶሎ ተነሳ። እኔ ተደሰትኩ። መካኒካችን የዘይቱን ክዳን ፈታውና ገልብጦ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ መዝለል ጀመረ፤ ድስት ሲፈላ ክዳኑ እንደሚያደርገው ዓይነት። «ከላይ የሚቃጠለው እሳት ወደ ታች እያመለጠ ነው» አለኝ። ከዚያ ኮምፒውተር ሰካበት። አራት ቁጥር ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ሦስቱ ከዜሮ በታች አንድ ምናምን ናቸው። ሦስተኛው ሲሊንደር 4.3 ይላል።

«ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«አንዱ ሰነፍ ነው። ኮምፒውተሩ እሱን ለማስተካከል ናፍጣ ይጨምርለታል፣ ከሦስቱ ይቀንሳል። ዜሮ አካባቢ ሲሆን ደህና ነው። ከ3 ካለፈ ግን አስቢበት።»

ለካ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሰማ እኩል የሚመታው ኮምፒውተሩ እየሸፈነለት ነው። የእነዚህ ሞተሮች ሌላም ደካማ ጎን አለ። ኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታልቅ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ካርቴሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለችውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናታል። ዘይት መሳብ ያቃተው ሞተር መጨረሻው ይታወቃል። ይሄን ሁሉ የሚያመጣው የአንዲት ትንሽ ቀለበት ነገር ነው። የናፍጣ አባዱላ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ቢያንስ ይህቺን ጠይቁ፤ ኢንጀክተሩ ወጥቶ ያውቃል? ቀለበቷስ ተቀይራለች?

ያን ማታ ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁ።

መንገዴ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ አድርጎ መገናኛ አካባቢ ነው። ጠዋትና ከሰዓት፣ ሲደመር በቀን 60 ኪሎ ሜትር። በወር 22 ቀን ብል 1,320 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሾፌሮችን ስጠይቅ ከተማ ውስጥ ባለ 2.7 ሊትር ሞተሩ ቤንዚን አባዱላ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል አሉኝ። ቤንዚኑ በወር 189 ሊትር ይፈልጋል፣ ናፍጣው 132። ጥር 2017 ላይ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱ በወር 6,100 ብር አካባቢ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው 10 ወር ስለሆነ በዓመት 61,000 ብር።

ብዙ ብር ነው። ዓይኔ እያየ ላቃጥለው የማልፈልገው ብር ነው። ግን ተመሳሳይ ዓመተ ምሕረት ካላቸው ሁለት መኪኖች ናፍጣው በ350,000 ብር ይበልጥብኝ ነበር። በነዳጅ ቁጠባ ልመልሰው ካልኩ ወደ ስድስት ዓመት ይፈጅብኛል። በመሀል ኢንጀክተሮቹ አንዴ ከተበላሹ ቆጠራው እንደገና ከሀ ይጀምራል።

አባቴ እንደሚሄደው ብሄድስ? በወር 8,000 ኪሎ ሜትር ይሁን። ያኔ ልዩነቱ በወር ወደ 37,000 ብር ይጠጋል፤ ናፍጣው ብልጫውን ከ10 ወር ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፌ ብዙ አየኋቸው። አባቴ አልተሳሳተም። በእሱ መንገድ ላይ ናፍጣ መያዝ ግዴታ ነበር። በዚያ ላይ እሱ በሚሠራበት ዘመን ናፍጣ ከቤንዚን ይረክስ ነበር። ድጎማው መነሳት ሲጀምር፣ በሰኔ 2014 መጨረሻ ነው ናፍጣ ቤንዚንን የበለጠው፤ ቤንዚን 47 ብር ከ83፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02። ከዚያ ወዲህ ዋጋቸው ሳይራራቅ አብሮ ወጣ። የርካሽነቱ ጉዳይ እዚያው ቀረ።

የቤንዚኑም ጣጣ አለው፤ መደበቅ አልፈልግም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣው ቱርቦ ግን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ እንጦጦ ለመውጣት፣ ሰው ሞልቶ ዓባይ በረሃ ወርዶ ለመውጣት ናፍጣው ይሻላል። ቤንዚን ሲጠፋ የሚሰለፈው ሰልፍም ያው የምታውቁት ነው፤ ናፍጣም ተራው ሲደርስ ይጠፋልና እሱን ከሂሳቡ አወጣሁት።

የእኔ መንገድ ግን ሜዳ ነው። መቆም፣ መንቀሳቀስ፣ መቆም። አንድ ልጅ ማውረድ፣ 300 ሜትር መሄድ፣ ሌላ ልጅ ማውረድ። እንዲህ ያለው ሥራ ለዘመናዊ ናፍጣ አይመችም። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይጠፋል፣ ጥላሸት ያጠራቅማል። ከአውሮፓ የሚመጡት አዳዲሶቹማ የጭስ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ረጅም መንገድ ሄዶ ሲግል ነው። ሲኤምሲ መንገድ ላይ ተዘግቶበት የዋለ መኪና መቼ ይግላል?

የመጨረሻውን ውሳኔ ያስወሰነኝ ግን ሂሳቡ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት የልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ስድስት ሰባት ሰርቪስ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተደርድረዋል። ልጆቹ በመኪኖቹ መሀል እየተሹለከለኩ የራሳቸውን ይፈልጋሉ። የሰባት ዓመት ልጅ አፍንጫ ከማርሚታው ብዙም አይርቅም። አንዱ ናፍጣ ነዳጅ ሲሰጠው ጥቁር ጭስ ለቀቀ፤ ልጄ በክርኗ አፏን ሸፍና ሮጠች። ልምድ ሆኖባታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 የናፍጣ ጭስን በእርግጠኝነት ካንሰር ያመጣሉ ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። የቤንዚን ጭስም መድኃኒት አይደለም። ግን ጥላሸቱ በጣም ያንሳል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ልጆች የሚሰበሰቡበት መኪና ነውና ይሄ ለእኔ ከ61,000 ብር ይበልጣል።

ቤንዚኑን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዱባይ የገባ ነው፤ እዚያ ቤንዚን ርካሽ ስለሆነ ቤንዚን ሃይስ ብዙ አለ። ቀለሙ ደብዝዟል። የተንሸራታች በሩ እጀታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ደላላ አልነበረውም። ባለቤቱ ራሱ ነው የሸጠው፤ ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ በፌስታል አስሮ አስቀምጦ ነበር። ፌስታሉን ሲያወጣ መካኒካችን ፈገግ አለ።

ወንበሩን ገልብጦ አራቱንም ካንዴላ ፈታቸውና ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው። አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው፤ ገና መቆላት የጀመረ ቡና ይመስላሉ። እርጥብ የለ፣ ጥቁር የለ። የጭምቀት መለኪያ አስገብቶ በየተራ ለካቸው። «ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ያንሳል፣ እሱ የከፍታው ነው፤ እኔ የማየው እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው» አለኝ። ተቀራራቢ ነበሩ። የዚህ ሞተር ቫልቮች የሚታዘዙት በሰንሰለት ነው፤ እንደ ናፍጣዎቹ በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ችንጋ የለውም። ሰንሰለቱ ይንኳኳ እንደሆነ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። አልተንኳኳም። ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ በእሱ ተከራክረን ዋጋ አስቀነስን።

አባቴን ያለመንገር አልቻልኩም። ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ሰዓት ሲያየው ቆየ።

«ድምፁ የታለ?» አለኝ፣ ሞተሩ እየሠራ።

«ይሄው ነው አባዬ። ቤንዚን ነው።»

ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ከአያት እስከ መገናኛ ሄደን ተመለስን። መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ተጨናንቋል። በየመሀሉ እጁን ወደ ማርሹ ይልክና ይመልሳል። ሲኤምሲ አካባቢ አንዲት መኪና ድንገት ገባችብኝና ፍሬን ያዝኩ። አባቴ ፍሬኑን እንጂ ሞተሩን አላነሳም፤ «የኋላው የፍሬን ሸራ ይታይ» ብቻ አለኝ። ስንመለስ «በቀን ስንት ትሄጂያለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

«60 ኪሎ ሜትር።»

«60» አለ። «እኔ 60 ኪሎ ሜትር ስሄድ ገና ቁርስ አልበላሁም።»

ቤት ስንደርስ ከመድኃኒት ሳጥኑ ነጭ ፕላስተር አወጣ። በመቀስ ቆረጠ፣ እስክሪብቶ ጠየቀኝ፣ በዚያ በተጋደመ ጽሕፈቱ «ዘይት 219,300» ብሎ ጻፈ። የሾፌሩን በር ከፍቶ፣ ምሰሶውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፣ ፕላስተሩን ለጠፈው። ፋይቭ ኤሉ ላይ ይለጥፍ የነበረው እዚያው ቦታ ነው።